ልጄ፣ ይሄን ማን ያየዋል?

የፊልማችንን ቀረጻ በጀመርን በሦስተኛው ቀን ነው እማማ የጠየቁኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንዱ ብሎክ ደረጃ ሥር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እማማ የወተት ጀሪካናቸውን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ ካሜራማናችን ሌንስ እስኪቀይር ቆመዋል።

እማማ ተዋናይ አይደሉም። ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ በፊት እዚያው አካባቢ የነበሩ፣ ዛሬም ሁለት ላም ይዘው የቀሩ፣ ጠዋት ጠዋት ወተት እያዞሩ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ፊልሙም ይኸው ነው፦ ሊፍት በሌለው ሕንጻ እስከ ላይ ድረስ ወተት ተሸክመው የሚወጡ፣ ጉልበታቸው እየከዳቸው የመጣ፣ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ወደ ፓኬት ወተት እየሄዱባቸው ያሉ እናት ታሪክ። ስሙን «አራተኛ ፎቅ» አልነው።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ የቀረጻው ልጆች እንዳይሰሟቸው ብለው ይመስለኛል። «ይሄን ማን ያየዋል?»

«ሕዝቡ ነዋ፣ እማማ።»

«የቱ ሕዝብ?»

ካሜራማናችን ተዘጋጅቻለሁ አለ። እሳቸውም ጀሪካናቸውን አንስተው ደረጃውን ጀመሩ። እኔ አፌ እንደተያዘ ቀረሁ። ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ለማስተዋወቅ አንድ ዓመት ሙሉ ከለፋሁ በኋላ ዛሬ ዞር ብዬ ሳየው፣ የሠራሁት ትክክልም ሆነ ስህተት ሁሉ የዚያን ቀን ላጣሁት መልስ የተደረገ ፍለጋ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናገር። እኛ ስለማንናገረው ነው ከኋላችን የሚመጣው ልጅ እኛው የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቀው። «አራተኛ ፎቅ» 410 ሺህ ብር ፈጅቷል። ትልቁ ድርሻ የእቁብ ብር ነው፤ የቀረው የእህቴ ብድርና የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ያጠራቀምኳት ናት። የካሜራና የሌንስ ኪራይ፣ የድምፅ ባለሙያ፣ ትራንስፖርት፣ የልጆቹ ምሳ፣ ኤዲት ሁሉ ተከፍሎ ለማስታወቂያ የቀረኝ 15 ሺህ ብር ነበር። ብሩ ትንሽ መሆኑ አይደለም ጥፋቱ። ጥፋቱ «የቀረኝ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ማስታወቂያን ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነገር አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

ለምን ጥፋት እንደሆነ የገባኝ ፖስተር ለማሠራት ስንነሳ ነው። በ19 የቀረጻ ቀናት ውስጥ ማንም ሰው የእማማን አንድ ደህና ፎቶ አላነሳም። ከፊልሙ ውስጥ ምስል ቆርጠን ስናወጣ፣ እሳቸው በእንቅስቃሴ ላይ ስለሆኑ ሁሉም የደበዘዘ ነው። የጠዋቱ ጭጋግ፣ በላሟ ጡት ላይ ያሉት እጆቻቸው፣ ከመንደሩ ማዶ በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና፣ ድምፅ ባለሙያችን ዝናብ ሲመጣ ማይኩን በጃኬቱ ሸፍኖ ሲሮጥ፣ ይህ ሁሉ በዓይናችን ሥር አልፏል። ምሳውን ችለነው በስልኩ ፎቶና አጫጭር ቪዲዮ ብቻ የሚያነሳ አንድ ልጅ ብናቆም ኖሮ ለስድስት ወር የሚበቃ ነገር ይኖረን ነበር። ቀረጻው ከተበተነ በኋላ ያን ቀን በምንም ብር መልሰህ አትገዛውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ሲወጣ መንገዱ የታወቀ ነበር። ፖስተር በየግንቡ ይለጠፋል፣ መኪና ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ በየሰፈሩ ይለፈፋል፣ አቅም ካለ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ላይ ማስታወቂያ ይነገራል። ስማቸውን እየሰማን ያደግንባቸው ሲኒማ ቤቶች፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ አምባሳደር፣ ሲኒማ ራስ፣ ሁሉም ከመሀል ከተማ ነበሩ። እኛ ደግሞ ያለነው ከተማዋ አልቃ የፍጥነት መንገዱ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ከሥራ የወጣ የቱሉ ዲምቱ ወይም የኮዬ ፈጬ ሰው መሀል ከተማ ሄዶ የ12 ሰዓቱን ፊልም ቢያይ፣ ሲያልቅ የሚጠብቀው የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ያውም ሁለት መንገድ ቀይሮ። ስለዚህ ስለ ከተማ ዳር የሠራሁትን ፊልም የከተማ ዳር ሰው ሊመለስ በማይችልበት ሰዓትና ቦታ ላሳይ ነበር ማለት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። ኢንተርኔት ለእኔ ዓይነቱ የቅንጦት ምርጫ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሌላ በር የለንም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ።

በፊልሙ ውስጥ እማማ ወተት የሚያደርሱላቸው ሁለት ወጣት ባልና ሚስት አሉ። ከ84 ደቂቃ ውስጥ የእነሱ ታሪክ ስድስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በሥራው የቆየ አንድ ሰው ኤዲቱን አይቶ፣ «አሮጊትና ላም ማን ይገዛሻል? ፍቅሩን አውጪው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊረዳኝ ነው። እኔም እሺ አልኩ። የፊልሙን አጭር ማስታወቂያ፣ ትሬለሩን፣ ከስድስቱ ደቂቃ ሠራነው። ልጅቷ ስትስቅ፣ ልጁ በደረጃው ሲያባርራት፣ ከላይ ሞቅ ያለ ዘፈን። እማማ በሁለት ደቂቃ ትሬለር ውስጥ አራት ሰከንድ ታዩ፤ እሷም የምታስቅ ሆና የተቆረጠች አራት ሰከንድ ናት።

ከዚያ ማሰራጨት። ፌስቡክ ላይ ከፍሎ ለማስተዋወቅ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ኪሱ ውስጥ ብር ብቻ ያለው ሰው በቴሌግራም የሚገኙ አስከፋዮችን ይፈልጋል፤ እነሱም በራሳቸው ሒሳብ ይከፍሉልሃል፣ አንተ በብር ትሰጣቸዋለህ። ከ15 ሺዋ ላይ 9 ሺህ ለዚያ ሄደ። ለማን ይታይ የሚለው ላይ «አዲስ አበባ፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት» ብለን ሞላን። እማማ የጠየቁኝ ጥያቄ ስክሪን ላይ ተጽፎ በድጋሚ ቀረበልኝ፤ እኔም በሁለት መስመር መልሼ አለፍኩት።

በዘጠኝ ቀን 61 ሺህ ሰው አየው። ስልኬን ከእጄ አላወርድም፤ ሌሊት ነቅቼ ቁጥሩን አያለሁ። አንድ አዳራሽ ለሦስት ማሳያ ተስማማን። በመጀመሪያው ማሳያ ወንበሩ ከግማሽ በላይ ሞላ። አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው። መብራት ጠፋ፣ እማማ ጀሪካናቸውን ይዘው ደረጃውን ጀመሩ። በ20ኛው ደቂቃ አካባቢ የስልክ መብራቶች በየቦታው በሩ። ከዚያ መውጣት ተጀመረ። ዩቲዩብ ለቻናል ባለቤት የሚያሳየው፣ ተመልካች በየትኛው ደቂቃ ላይ ጥሎ እንደሄደ የሚያመለክት መስመር አለ፤ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ያንን መስመር መጀመሪያ ያየሁት በሰው ጀርባ ነው፣ በር ላይ ቆሜ።

አንድ ልጅ ሲወጣ አወቀኝ። «እህቴ» አለኝ በትሕትና፣ «ፊልሙ መጥፎ አይደለም። እኔ ግን የመጣሁት ለሌላ ነገር ነበር።»

ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሰዉን መሳብ እንጂ በምን እንደሳቡት ግድ የለም ይላል። እኔ አልስማማም፤ የምቃወመውም ስለ ጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም። በትሬለሩ የዋሸሁት ውሸት ሁለት ሰው አሳጥቶኛል። የመጣው ሰው ተታለልኩ ብሎ ሄደ። መምጣት የነበረበት ሰው ደግሞ ትሬለሩን አይቶ «የኔ ዓይነት አይደለም» ብሎ አለፈ። ሁለተኛውን በቁጥር አታየውም፤ ስለዚህ አይቆጭህም፤ ትልቁ ኪሳራ ግን እሱ ነው። ዩቲዩብም ቢሆን ሰው ገብቶ ቶሎ የሚወጣበትን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ማሳየት ይቀንሳል።

«ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት»ስ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ያ አስፈሪ ፊልም በድረ ገጹ ላይ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ልጆች በእርግጥ ጫካ ውስጥ ጠፍተዋል ብሎ ሰዉን አሳምኖ፣ በጥቂት አሥር ሺህ ዶላሮች ተቀርጾ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስገብቷል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ተረት የፊልሙ የራሱ ነው። ድረ ገጹን አንብቦ የገባው ሰው አዳራሽ ውስጥ ያገኘው ያንኑ ፍርሃት ነው። እኔ ግን ሰዉን በሰርግ ጠርቼ ለቅሶ ቤት ነው ያስገባሁት።

ከሦስቱ ማሳያዎች ሁለተኛው 20 ሰው አልሞላም። ሦስተኛውን ራሴ ሰረዝኩት። ሁለት ወር ያህል ስለ ፊልሙ ማውራት አልቻልኩም። እማማ ቤት መሄድ ከብዶኝ ወተት ከሱቅ ገዛሁ፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

ነገሩን የለወጠው ኤዲተራችን ነው። ለሌላ ሥራ ድምፅ ሲሞክር ከፊልሙ 40 ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ አስቀመጠው። እማማ ንጋት ላይ ላሟን ሲያልቡ ነው። ዘፈን የለም፣ ጽሑፍ የለም። የመጀመሪያው ወተት ባዶው ጣሳ ላይ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ፣ ጣሳው እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየወፈረ፣ የላሟ ትንፋሽ፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ። በአንድ ሳምንት ያየው ሰው 2,300 ብቻ ነው። ከትሬለሩ አንጻር ምንም ማለት ነው። ኤዲተራችን ግን ደውሎ «ቁጥሩን ተዪው፣ የተጻፈውን አንብቢ» አለኝ።

190 አስተያየት ነበር። ተቀምጬ አንድ በአንድ አነበብኩ። «የእናቴ ቤት።» «ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት።» «አስለቀሳችሁኝ፣ ከጅዳ።» «ከቤሩት።» «ከኩዌት፣ ስድስት ዓመቴ።» «ከሪያድ።» ገጻቸውን ስከፍት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በሰው ቤት የሚሠሩ። «አዲስ አበባ፣ ከ18 እስከ 35» ብዬ ስሞላ አንዳቸውም በሐሳቤ አልነበሩም። ስለ አንዲት ደረጃ ስለምትወጣ ሴት ፊልም ስሠራ፣ በዚያች ሰዓት ሌላ አገር ደረጃ የሚወለውሉ ሴቶች እንዳሉ አላሰብኩም።

ከአንዷ በድምፅ መልእክት መጣልኝ። እየተንሾካሾከች ነው የምታወራው። «የኔ እህት፣ ስሜን አታውጪው እሺ። ማዳም ስትተኛ ነው የማየው። ሦስት ጊዜ አየሁት። ወተቱ ጣሳው ላይ ሲመታ እናቴ ቤት ተኝቼ የነቃሁ ነው የመሰለኝ። ሙሉውን መቼ ነው የምትለቁት? ቀኑን ንገሪኝ። እኛ ቤት ዋይፋዩ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ያንን መልእክት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ያቺ ሴት በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ለአስከፋይ 9 ሺህ ብር ከፍዬ ያላገኘሁትን ሁሉ ነገረችኝ፦ ማን እንደሆነች፣ ፊልሙ ውስጥ ምን እንደምትፈልግ፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ዓይነት ኔትወርክ እንደምታየው።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። እውነተኛ ደብተር፣ ባለ 50 ሉክ። አስተያየት የጻፈውን እያንዳንዱን ሰው ስም፣ ያለበትን ከተማና ያለውን ቃል መመዝገብ ጀመርኩ። ለሁሉም በስሙ እየጠራሁ መለስኩ። ፈቃደኛ የሆነው ስልኩን ወይም የኢሞ ቁጥሩን ሰጠኝ። በሦስት ሳምንት 312 ሰው ሆነ። ያን ጊዜ የቴሌግራም ቻናላችን 90 ተከታይ አልነበረውም፤ ግን እነዚህን 312 ሰዎች አውቃቸዋለሁ።

ቁጥር መሰብሰብን የሙጥኝ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ሲገደቡ፣ እገዳው እስከ ሐምሌ ቆይቷል። ቪፒኤን የሚያውቅ በቪፒኤን ገባ፣ የማያውቀው ቀረ። ያኔ አንድ ጓደኛዬ ለፊልሙ ብሎ ለሁለት ዓመት ያሳደገው ገጽ ነበረው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተከታይ። ፊልሙ በዚያው ወር ነበር የሚወጣው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱን እንኳ ደውሎ ማግኘት የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ተከታዮቹ የገጹ እንጂ የእሱ አልነበሩም። የስልክ ቁጥር ግን መልእክት ይወስዳል፤ ደብተር ደግሞ ማንም አይዘጋውም።

ከደብተሩ ተነስተን ሥራችንን እንደገና ሠራነው። አዲስ ትሬለር አልሠራንም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከፊልሙ አንድ ድምፅ አወጣን፦ የጀሪካን ክዳን ሲከፈት፣ በር ሲንኳኳና «ወተት!» ሲባል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ። ሁሉም ከአንድ ደቂቃ በታች፣ ስልክ እንደሚያዝ ቁመቱ የረዘመ። ምስሉን ወደ ቁመት ስንቆርጥ የእማማ ፊትና እጅ እንዳይወጣብን እያንዳንዱን ለብቻው አስተካከልን። የእማማ ልጅ የሚያናግራቸው ቦታ ላይ ጽሑፉን በትልቁ ጻፍን፤ ታክሲ ውስጥና በሰው ቤት ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነው። የምናወጣበትን ሰዓት ምሽት 3 አደረግን። ሪያድና ጅዳ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፤ ዋሽንግተን ገና ቀን ናት። ዋይፋዩ 5 ሰዓት የሚዘጋባት ሴት ደግሞ ሙሉውን ፊልም በዚያው ሰዓት ስንለቀው 84 ደቂቃውን ጨርሳ ትተኛለች።

ዳታ ውድ ለሆነበት ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ ጥራቱን ስንጠብቅ ፊልማችን ወደዚያ ይጠጋ ነበር። ሁለት ቀን ፈጅተን፣ በትንሽ ስክሪን ሲታይ ፊት የሚለይበትን፣ ድምፁ ያልተነካ፣ ከ300 ሜጋ ባይት ያነሰ ቅጂ አዘጋጀን። ምስሉ ላይ ቀነስን፣ ድምፁ ላይ አልቀነስንም። ሰዉ ወደ ፊልሙ የመጣው በጆሮው ነውና።

በዚህ ሰሞን ነው ስለ ዋካሊጋ በደንብ ያነበብኩት። ካምፓላ ውስጥ ያለ የድሆች ሰፈር ነው። አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው ጡብ እየሠራ ባጠራቀማት ገንዘብ፣ ኮምፒውተሩን ከቁርጥራጭ ገጣጥሞ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር የድብድብ ፊልም ይሠራል። ከፊልሞቹ የአንዱ ትሬለር በ2010 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ላይ ወጣ፤ ፊልሙ የፈጀው ከ200 ዶላር በታች እንደሆነ ይነገራል። ትሬለሩን ያየ አንድ የኒው ዮርክ ሰው ኑሮውን ነቅሎ ዋካሊጋ ሄዶ አብሯቸው መሥራት ጀመረ። በ2015 እ.ኤ.አ. ለሚቀጥለው ፊልም በኢንተርኔት 160 ዶላር ለመኑ፤ ከ13 ሺህ በላይ ተዋጣላቸው። እኔን የገረመኝ ግን ይህ ሁሉ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ዲቪዲውን በየቤቱ እያንኳኩ የሚሸጡት የፊልሙ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ መጀመሪያ የራሱ አድርጎታል፤ ዓለም ያየው ደግሞ ያንን ደስታ ነው።

ከኢንተርኔቱም በፊት ይኸው ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ባርነት የሠሩትን «ሳንኮፋ»ን ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱላቸውም። እሳቸውና አጋሮቻቸው አዳራሽ ራሳቸው እየተከራዩ ፊልሙን ከከተማ ከተማ ይዘው ዞሩ፤ በየከተማው ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ እየተጠራራ አዳራሹን ሞላ። ያ ታሪክ የኛ አገር ሰው የሠራው ሆኖ ሳለ፣ ፊልም የምንሠራ ልጆች እንደ ማስተዋወቅ ትምህርት አንስተን ስናወራበት ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ወደ ሰፈር ተመለስን። ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ከመልቀቃችን ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ እማማ ወተት በሚያደርሱበት ብሎክ ኮሚናል ደጃፍ አቡጀዲ ወጥረን አሳየነው። ኮሚቴው ፈቀደልን፣ ወንበር ከእድር ተዋስን። መብራት ቢጠፋ ብለን ጄኔሬተር ለምነን አምጥተን ነበር፤ ጠፋም፣ በ40ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሰውም ሳይነሳ ጠበቀን። ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ «ስልካችሁን አውጡ። ስክሪኑን አትቅረጹ፤ ራሳችሁንና ጎረቤታችሁን ቅረጹ። ውጭ አገር ላለ ዘመዳችሁ ‹የእኛ ሰፈር ፊልም ቅዳሜ ይለቀቃል› ብላችሁ ላኩ።» ያን ማታ ከ150 ሰው በላይ ነበር። ስንት ቪዲዮ እንደተላከ አላውቅም፤ በማግስቱ ግን አሜሪካን አገር ያለች አንዲት ሴት «እናቴን እዚያ ወንበር ላይ አየኋት፣ ፊልሙ የታለ?» ብላ ጻፈችልኝ።

እማማ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አንድም ቃል ሳይናገሩ ጨረሱት።

ስለ ስርቆት መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ነው። ፊልሙ በተለቀቀ በሁለተኛው ቀን ሦስት የቴሌግራም ቻናሎች ላይ አገኘሁት። ከብሎኩ ሥር ደግሞ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ሱቅ አለ፤ ፍላሽ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ልጁ ይጭንልሃል። እሱም ጭኖታል። ልጣላው ወርጄ ነበር፤ ሳየው ግን የጫነው ቅጂ ድምፁ የተበላሸ ነው፤ የተናደድኩት በዚያ ሆነ። ወደ ቤት ተመልሼ ጥሩውን ቅጂ አመጣሁለት። መጀመሪያው ላይ 12 ሰከንድ አስገብተናል፦ የእማማ እጅ፣ ከሥሩ የቴሌብር ቁጥራችን፣ «ፊልሙን ከወደዱት የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ ይላኩልን» የሚል። ልጁ ፖስተሩን ከሱቁ በር ላይ ለጠፈው። ሌላው ፊልም ሠሪ በዚህ ላይስማማ ይችላል፤ በሚሊዮን የሠራ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። እኔ ግን በሕግ የማስቆምበት አቅም የለኝም፣ ያ ልጅ ደግሞ በቀን ከእኔ ገጽ የበለጠ ሰው ያገኛል።

ታዋቂ ሰው ከፍሎ ማስተዋወቁን ሞክሬው ነበር፤ 4 ሺህ ብር፣ አንድ ቪዲዮ፣ ከዚያ የመጣ ሰው አላየሁም። ፊልሙን ሳያይ ስለ ፊልሙ የሚያወራ ሰው ከፊቱ ያስታውቃል።

ውጤቱ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ወር 47 ሺህ ዕይታ፤ ከዚያ የውሸት ትሬለር እንኳ ያነሰ። ነገር ግን ሰው በአማካይ 38 ደቂቃ ቆይቷል፣ መስመሩም በ20ኛው ደቂቃ ላይ አይወርድም። በቴሌብር የሚመጣው 50፣ 100፣ አንዳንዴ 1,000 ብር ነው። ውጭ ያሉት ቤተሰቦቻቸውን አዘው ያስልካሉ፤ የላኪው ስም የማላውቀው ሆኖ «ከቤሩት ልጄ ናት» የሚል መልእክት ይከተለዋል። እቁቡን ጨርሻለሁ። የእህቴ ብድር ግማሹ ቀርቷል። ትርፍ የለም፤ ለሁለተኛ ፊልም ግን ደብተሩ ውስጥ 1,140 ሰው አለ፣ የምሠራውንም ፊልም ገና ሳልጽፈው እየነገርኳቸው ነው።

ባለፈው እሁድ እማማ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ፣ ላሟ ከበረቱ እየተነፈሰች፣ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት ቁጥሩን ነግሬያቸው «እንዲያ ነው?» ብለው ብቻ አልፈውት ነበር። በዚህ ቀን ግን ስልኬን አውጥቼ የዚያችን ሴት የሹክሹክታ መልእክት አሰማኋቸው። ድምፁን ለመስማት ጆሯቸውን ስልኩ ላይ አስጠግተው፣ ሲኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«ይቺ ናት ያየችው?»

«እሷም ናት፣ እማማ።»

«መልስ መስጠት ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ይናገሩ።» ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ስልኩን በእጃቸው ወደ እኔ መለሱት።

«እኔ ማውራቱን አልችልበትም። አንቺ ጠይቂልኝ፤ እራቷን በልታ እንደሆነ።»